ውሃ የሚተኛበት ሜዳ



ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወጥተን ለገጣፎን ስናልፍ የሰንዳፋ ሜዳ ይከፈታል። በሱሉልታና በሰበታ በኩልም እንዲሁ ነው። ከዙሪያው ተራራ የታጠበውን ደቃቅ አፈር ወንዞቹ በየክረምቱ እየሞሉ አንጥፈውበታል፤ ረግረግ ሆኖ የኖረ መሬት ነው። ገበሬው ጥቁሩን አፈር ኮቲቻ ይለዋል፤ ዋልካና መረሬ የሚሉትም አሉ።

ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ ስንጥቁ ሲገጥም ግን ውሃው መግቢያ አጥቶ ከላይ ይተኛል። ስለዚህ ገበሬው ጤፉን ዘግይቶ ይዘራል፤ ሽምብራና ጓያውን ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አፈሩ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ማሳው ዝናቡን ያለ ሽፋን ስለሚያሳልፍ ይታጠባል። ጓያም ጎርፍና ድርቅ ቢችልም በችግር ዘመን ብቸኛ ምግብ ሲሆን እግር ያሰናክላል።

ሌላም መላ አለ፤ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ውሃ የሚያወርድ ሰፊ መደብ ያበጃሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአገራችን ተመራማሪዎች ከዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው ይህንኑ በበሬ ለመሥራት ሁለት ማረሻ አጣመሩ። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስንዴ ክረምቱ ሳይገፋ መዝራት ተቻለ። ታዲያ የቦዩ ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ ዋናው መፋሰሻ በጋራ ካልተቆፈረ የአንዱ ማሳ መዳን የጎረቤቱ ጥፋት ነው። በደጋው ይህን መሰል አፈር 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሸፈኑን ስናስብ ጉዳዩ የሰንዳፋ ብቻ አይደለም።

እጅግ ዝቅ ያለው ቦታ ግን ባይታረስ እመርጣለሁ። የሱሉልታ ሜዳ ሳር ድርቆሽ ሆኖ የስንቱን ላም አኑሯል!

አሁን የሚያሳስበኝ በሜዳው ላይ የሚሠራው ቤት ነው። ሜዳ ስለሆነ ለመሸንሸን ይቀላል፤ ከሥር ያለው አፈር ግን በክረምት መሠረቱን ያነሳል፣ በበጋ ይለቀዋል፤ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ አፈር (ሰሌክት) መሙላት አንዱ መድኃኒት ነው፤ ወጪው ግን ለብዙ ቤተሰብ አይቀመስም። ጉዳቱ በባለቤቱ ብቻም አይቀርም። በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባን የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ ውሃውን የሚያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው። ደቃቁ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ ያለ ኬሚካል አይጠራም፤ የተቆፈረና የተራቆተ መሬት በበዛ ቁጥር ድፍርሱ ይብሳል።

የከተማ ፕላን የምታወጡ ባለሙያዎች፣ አደራ እላችኋለሁ፤ በመጪው ነሐሴ ሜዳውን ከሽማግሌዎቹ ጋር በእግራችሁ ዙሩ። ውሃ የተኛበትን ሁሉ በካርታችሁ ላይ አስምሩ፤ ያንን መሬት ለእርሻና ለሳር ተዉት፣ ቤቱን ወደ ከፍታው አውጡት።