አካል፣ ከፍታና የልምምድ ዕቅድ፦ ከሲናና ሲታይ



የአርሲዋ በቆጂና የባሌዋ ሲናና በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ደጋ፣ ሁለቱም የስንዴና የገብስ አገር ናቸው፤ ነዋሪያቸውም በአብዛኛው የአርሲ ኦሮሞ ነው። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ጎባ 2,700፣ ሮቤ ደግሞ 2,500 ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። (የምናገረው ስለ ባሌዋ ሮቤ ነው። አርሲም ሮቤ የምትባል ከተማ ስላላት፣ እንግዳ ሰው ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም።) ሆኖም ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ ሲወጡ፣ የሲናና ስም በዚያ ልክ አልተጠራም። አጥንቱም አየሩም ከተቀራረበ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አካል ምንም አይደለም ብዬ አልነሳም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። በረጅም ርቀት ሩጫ ብዙ ነገር የሚወሰነው ከጉልበት በታች ነው። ሯጩ በየእርምጃው እግሩን ወደ ፊት ያወናጭፋል፤ ክብደቱ ከዳሌ በራቀ መጠን የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲታከል የኦክስጅን ፍጆታው በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ባቱ ቀጭን የሆነ ልጅ ይህን ቁጠባ ይዞ ተወልዷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት የስፔን ተመራማሪዎች ጎረቤቶቻችን የሆኑትን የኤርትራ ሯጮች ከስፔናውያን ጋር አነጻጽረው ነበር። ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም በሁለቱ ወገን ጉልህ ልዩነት አልታየበትም። የኤርትራውያኑ ባት ግን በዙሪያው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንስ ነበር፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሮጡም ያነሰ ኦክስጅን ይበቃቸው ነበር።

የደሙ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ እዚሁ ባሌ ላይም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት በስሜን ተራሮች የሚኖሩ አማሮችንና በባሌ ተራሮች 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን መርምሯል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በባሌዎቹ ዘንድ ዝቅ ባለ ቦታ ከሚኖሩ ወገኖቻቸው በግልጽ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በስሜኖቹ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ ብዙም አልታየም። ተመራማሪዎቹ በከፍታው ላይ የኖሩበትን ዘመን ርዝመት ያነሳሉ፤ ኦሮሞ በባሌ ደጋ የሰፈረው ከ500 ዓመታት ገደማ ወዲህ ሲሆን፣ የስሜኑ ኑሮ ግን በሺዎች ዓመታት ይቆጠራል። ስለዚህ «የደጋ ልጅ ደሙ አንድ ነው» የሚለው የሰፈር ወሬ አያስኬድም።

ከፍታ ራሱ ግን ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ሲካሄድ የ2,240 ሜትሩ አየር ዓለምን አስጨነቀ፤ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ባለክብረ ወሰን የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ውድድሩን ጨርሶ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የእኛው ማሞ ወልዴ በዚያው ርቀት ብር፣ በማራቶን ወርቅ ወሰደ። ልብ በሉ፤ ሮቤ በከፍታ ከሜክሲኮ ከተማ ትበልጣለች።

«እንግዲያው ሳነቴ አምባ ላይ ወጥተን እንሩጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እዚያ የሚሮጥ ልጅ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ የፍጥነት ልምምዱም ይንቀራፈፋል፤ እግሩ የውድድሩን ምት ሳይለምድ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ያሳዩትም ይህንኑ ነው። ሯጮች 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ ሲለማመዱ በ5 ሺህ ሜትር ውጤታቸው ተሻሻለ፤ ከፍታው ላይ ኖረው እዚያው የተለማመዱት ግን ያን አላገኙም። የአዲስ አበባ ሯጮችም በእንጦጦ ጫካ ቀስ ብለው ይሮጣሉ፤ ለፍጥነት ደግሞ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ።

አሁን የባሌን ካርታ ዘርጉ። ሮቤ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ፣ በሪራና በሐረና ደን በኩል የሚወርደው መንገድ ደሎ መና ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካውያኑ ለጥናት የመረጡት ከፍታ በአንድ መንገድ ላይ ተዘርግቶልናል! እርግጥ ነው፣ ደሎ መና ሩቅ ነው፤ ይሞቃልም፤ የመኪናው ወጪም ለወጣት ክለብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የየቀኑን ሩጫ በሲናና ሜዳና ኮሮኮንች፣ ዳገቱን ከጎባ በላይ አድርጉ፤ የፍጥነቱን ልምምድ ሲቻል ወደ ጎሮ አቅጣጫ ወርዳችሁ፣ ደሎ መናን ደግሞ ውድድር ሲቃረብ ለጥቂት ቀናት ካምፕ አቆዩት።

የበቆጂን ልዩነት ያመጣው ግን ክትትል ይመስለኛል። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ልጆቹን ዓመት ከዓመት በአንድ ዓይን ሲያዩ፣ ሲያርሙና ሲከታተሉ ኖረዋል። ተራራ በሁለቱም አገር ነበረ፤ እንዲህ ያለ ክትትል ግን በየቦታው አይገኝም።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ13 እና በ14 ዓመት የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የጎለመሰው ልጅ ነው፤ ባቱን አይታችሁ ወይም የአንድ ቀን ውድድር ቆጥራችሁ ሌላውን አታሰናብቱት። በየሦስት ወሩ ቁመታቸውን ለኩ። ቁመቱ በድንገት የተመዘዘ ልጅ አጥንቱ ከጅማቱ ቀድሞ ስለሚያድግ ተረከዙንና ጉልበቱን ሊያመው ይችላል። በእነዚያ ወራት የአስፋልቱን ሩጫና ዝላዩን ቀንሱለት፤ በሣር ላይ ይሩጥ፤ የአሯሯጥ ስልቱንም አርሙለት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋችሁ ሜትርና ደብተር ነው፤ ደብተሩም መምህር ሲቀየር ለተተኪው ይተላለፍ።