የወፍ እንቁላል ምስክርነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንጋጫ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ርእሴ የወፍ እንቁላል ነው ስላችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ስለ አገር እድገት ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር ሲገባ እንቁላል ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ግን እስክጨርስ ታገሡኝ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

ነገሩን ያስጀመረኝ በቤታችን የሆነ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ በድንች ማሳችን ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት ረጭተው ሲጨርሱ ባዶው ጀሪካን ከጓሮ ተጥሎ ነበር። እናቴ አነሣችውና በአመድና በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥባ የዘይት ዕቃ አደረገችው። እኔም «ይህ ለምግብ ዕቃ አይሆንም» ብላት ጀሪካኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠግታ «እስቲ ምን ይሸታል?» አለችኝ። እውነትዋን ነው፤ ምንም አይሸትም ነበር። እኔም መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን ለእናቴ መስጠት ያቃተኝን መልስ ነው።

የማይሸት፣ የማይታይና የማይቀመስ መርዝ በአካባቢያችን መኖሩን በምን እናውቃለን? የዓለም ሊቃውንት ካገኟቸው መልሶች አንዱ የወፍ እንቁላል ነው። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1939 ፓውል ሙለር የተባለ የስዊስ ኬሚስት ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው ኬሚካል ተባይን እንደሚገድል አገኘ፤ በ1948ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዲ.ዲ.ቲ. በዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ ከወባ አድኗል፤ በአገራችንም ቆላ ባሉ ቤቶች ግድግዳ ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲረጭ ነበር። ወደ ቢላቴ ወንዝ ቆላ ዘመድ ያላችሁ የወባን ክፋት ታውቃላችሁ። ስለዚህ እኔ መድኃኒቱን ለመስደብ አልቆምሁም።

ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይኸው ኬሚካል በእርሻ ላይ ጭምር በብዛት ሲረጭ በእንግሊዝ አገር አንድ የጭልፊት ወገን እየተመናመነ ሄደ። እናቲቱ ስትታቀፋቸው እንቁላሎቹ ከሥርዋ ይሰበሩ ነበር። ደሬክ ራትክሊፍ የተባለ ሊቅ ምክንያቱን ሲፈልግ አንድ ብልሃት መጣለት። በዚያ አገር የወፍ እንቁላል ሰብስበው፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፈው በሣጥን ማኖር የሚወዱ ሰዎች ከቀድሞ ጀምሮ ነበሩ። እርሱም የአሮጌውንና የአዲሱን እንቁላል ቅርፊት መዘነ፤ ርዝመቱንና ወርዱን ለካ፤ ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ የቅርፊቱን ክብደት በዚያ አካፈለ። ከ1947 ገደማ ጀምሮ የጭልፊቱ ቅርፊት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀልሎ ተገኘ። ይህን በ1967 አሳተመ። በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ ዲ.ዲ.ቲ. በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ዲ.ዲ.ኢ. እንደሚሆንና ይህም ቅርፊቱን የሚሠራው የወፏ ዕጢ በቂ ካልሲየም እንዳያገኝ እንደሚያግድ ታወቀ።

ማሳ ላይ የተረጨ መርዝ እንዴት ጭልፊት ዘንድ ደረሰ? ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው። በዕቁብ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት ግን ሁሉን ያነሣል። ትሉ ጥቂት መርዝ ይበላል፤ ትንሹ ወፍ ብዙ ትል ይበላል፤ ጭልፊቱ ደግሞ ብዙ ወፎች ይበላል። ዲ.ዲ.ቲ. ፈጥኖ የማይጠፋና በስብ ውስጥ የሚቀመጥ ስለ ሆነ የዕቁቡ ገንዘብ ሁሉ የሚደርሰው በመጨረሻው በላተኛ እጅ ነው። እናቲቱም ስብዋን ለእንቁላሉ አስኳል ስትሰጥ መርዙን አብራ ትሰጣለች። ስለዚህ እንቁላል ሲመረመር እናቲቱ የበላችው ይታወቃል። በካናዳ ታላላቅ ሐይቆች ከ1974 ጀምሮ የአንድ የውሃ ወፍ እንቁላል በየዓመቱ እየተሰበሰበ ከእርሻና ከፋብሪካ የሚመጣ መርዝ ይመረመርበታል። ክልከላ ከወጣ በኋላ መርዙ እየቀነሰ መሄዱም የታወቀው በዚሁ እንቁላል ነው።

ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው እንዳትሉኝ። በስምጥ ሸለቆአችን አዳሚ ቱሉ ላይ ዲ.ዲ.ቲ. የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ነበር። በ2014 በታተመ ጥናት ከስምጥ ሸለቆ የተያዙ እንደ አባ ኮዳ ያሉ ወፎች ተመርምረው ዲ.ዲ.ኢ. በሰውነታቸው ተገኝቷል። የተመረመረው ግን ጉበታቸውና ሌላው የአካላቸው ክፍል እንጂ እንቁላላቸው አልነበረም። በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በላም ወተትና በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲ.ዲ.ቲ. ተገኝቷል። ወላጆቼ ሆይ፤ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ወፊቱ ለእንቁላሉ የምታደርገውን እኛም ሳናውቅ ለልጆቻችን እናደርገው ኖሮአልና።

በአባቴ ጀሪካን የነበረው ዲ.ዲ.ቲ. አልነበረም። ዛሬ የምንገዛቸው ብዙዎቹ መድኃኒቶች ከእርሱ ፈጥነው ይጠፋሉ፤ ነገር ግን በጥቂቱም ቢሆን ሰው የሚጎዱ በመካከላቸው አሉ። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር አመድ አያወጣውም። የእናቴ ማጠብ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው አጥቦ መብሳት ብቻ ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የወፎች መዝገብ እንክፈት፤ በየትኛው ዛፍ ላይ ስንት እንቁላል እንደ ተጣለና ስንት ጫጩት እንደ ወጣ ከሩቅ አይተን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ሳይፈለፈል ቀርቶ እናቲቱ ትታው የሄደችውን ብቻ በመምህራንና በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስደን፣ ቅርፊቱን መዝነንና ለክተን፣ ቀንና ቦታ ጽፈን በቤተ ሙከራችን እናኑር። የዶሮ እንቁላል ግን አይበቃንም፤ በዲ.ዲ.ኢ. ምክንያት የዶሮ ቅርፊት እንደ ጭልፊት አይሳሳምና። ሦስተኛ፣ ጎጆ አናፍርስ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ኦሪት ዘዳግም ለወፍ ጎጆ እንኳ ሕግ እንዳለው ተምሬአለሁ።

ራትክሊፍን የረዱት እነዚያ ሰብሳቢዎች ስለ ዲ.ዲ.ቲ. አንዳች አያውቁም ነበር፤ ቀኑን በጥንቃቄ ስለ ጻፉ ብቻ ምስክር ሆኑ። በአንጋጫ ከአያቶቻችን ዘመን የተቀመጠ እንቁላል የለንም። ዛሬ ብንጀምር ግን በሚመጣው የበዓል መጽሔት የሚጽፉ ታናናሾቻችን የሚያመሳክሩበት ያገኛሉ።

እናቴ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ይህን ንግግር ማታ ማታ ሳነብላት ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀሪካኑን ሥሩን በሚስማር ተበስቶ አገኘሁት። «ባይሸትም» አለችኝ። ከዚያ የበለጠ መደምደሚያ የለኝም።