የሾላና የዋርካ ዛፎች የበጋ እንክብካቤ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ቡና ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። የዛሬው ርዕስ ግን በየትኛውም የሂሳብ ሪፖርት ላይ ተመዝግቦ የማይገኝ ሀብትን ይመለከታል። የገጠር ማኅበር አዳራሽ ባይኖረው እንኳ የሚሰበሰብበት ጥላ አያጣም፤ ጥላው አብዛኛውን ጊዜ የሾላ ወይም የዋርካ ነው።

በነቀምቴና በአካባቢዋ ሾላ ሲባል አንድ ዛፍ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ሾላ ወይም ባምባ የሚባለው በኦሮምኛ ኦዳ ነው። ፍሬው በግንዱና በትላልቅ ቅርንጫፎቹ ላይ በዘለላ የሚወጣው ሌላው ሾላ ሃርቡ ይባላል። ዋርካ ቅልጡ ነው፤ ችብሃ ደግሞ ደምቢ ነው። አራቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ፤ አበባቸውም ከውጭ አይታይም፣ ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያብበው። በአትክልት ቦታ የሚተከለው በለስ የቅርብ ዘመዳቸው ሲሆን፣ በሰሜን በለስ የሚባለው የቁልቋል ፍሬ ግን ስም ከመጋራት በቀር ዝምድና የለውም።

ኦዳ ለኦሮሞ ሕዝብ ከጥላነት ያለፈ ትርጉም እንዳለው ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው፣ ሕግ የሚደነገገው፣ እርቅ የሚወርደው በኦዳ ሥር ነው። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅ ከታወቁት የገዳ መቀመጫዎች አንዱ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መካከል የተቀመጠውም ይኸው ዛፍ ነው። እንዲህ የተከበረ ዛፍ ግን በየዓመቱ በበጋ ወራት ሲላጥ፣ ሲቃጠልና ሲጋጥ ማየት አዲስ ነገር አልሆነም። ችግኙም ትልቅ ሳይሆን ይጠፋል።

ጠላቱ ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች የበለስ ጠላት ውርጭ ነው። ከጣሊያን ወደ ኒው ዮርክ የፈለሱ ሰዎች ብርዱ ሲመጣ በለሳቸውን በጆንያና በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም ዛፉን አጎንብሰው በአፈር ይቀብሩትና ሙቀት ሲመለስ ቆፍረው ያቆሙት ነበር። ወለጋ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ቀን ፀሐይና ነፋስ፣ ሌሊት ብርድ ይፈራረቃሉ። ክረምት ለሾላ ችግኝ ሞግዚት ነው፤ ሞግዚቱ ሲሄድ ነው ፈተናው የሚጀመረው።

ተከላ ግን የሚካሄደው በክረምት ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው በየዓመቱ ችግኝ ይተከላል፤ የተተከለው ቁጥርም በነሐሴ ሪፖርት ይደረጋል። በመጋቢት ስንቱ ቆሞ እንዳለ ግን ከነሐሴው ጋር በሚመጣጠን ትጋት አይቆጠርም። እዚህ ላይ የወረዳ ባለሙያዎችና የማኅበራት አመራሮች እኩል ድርሻ አላቸው። በነሐሴ የሚቆጠረው የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ዛፍ የሚቆጠረው በመጋቢት ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። በመጀመሪያው በጋ የአንድን ሾላ ችግኝ ሕይወት የሚወስነው ከሁሉ በላይ አጥር ነው። ውሃ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ከብቱ ማሳ ላይ ይለቀቃል። በዚያን ጊዜ ሣሩ ደርቋል፤ ለምለም ሆኖ የሚታየው የሾላና የችብሃ ቅጠል ነው። ላምና ፍየል ለዚህ ቅጠል ያላቸውን ፍቅር ማንም አርሶ አደር ያውቀዋል። ፍየል ቅጠሉን ብቻ አትበላም፤ ጫፉን ቀርጥፋ ልጡን ትልጣለች። ስለዚህ የአጋም ወይም የግራር እሾህ በክብ አጥሮ፣ አጥሩንም ከግንዱ ቢያንስ አንድ ክንድ ማራቅ ያስፈልጋል። ቀረብ ብሎ የታጠረ አጥር የፍየልን አንገት አያግድም። አጥሩ ከኅዳር በፊት ማለቅ አለበት፤ ከብቱ ከገባ በኋላ የሚታጠር አጥር የሚጠብቀው ጉቶ ነው።

አንድ አርሶ አደር ብቻውን አጥሮ የሚዘልቀው ግን እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው። ልቅ ግጦሽ የጋራ ችግር በመሆኑ መፍትሔውም የጋራ ነው። ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ፣ በችግኝ የተሸፈነው ቦታ ለስንት ዓመት ከግጦሽ እንደሚከለልና የጥሰቱ ቅጣት ምን እንደሆነ በመተዳደሪያ ደንቡ ማስፈር ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንንም ያውቃል። የማኅበር ደን በስሙ ተመዝግቦ ካርታ ሲያገኝ፣ ከብት ያስገባ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕግ ጋር ይጋጫል።

ውሃን በተመለከተ ብዙ አያስፈልግም፤ መደበኛነት ነው የሚያስፈልገው። በመጀመሪያው በጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ ማለትም የአንድ ትልቅ ጀሪካን ግማሽ፣ ይበቃል። በየቀኑ አንድ ጣሳ መርጨት ግን ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ወደ ላይ የመጣ ሥር ደግሞ በመጀመሪያው የውሃ እጦት ይደርቃል። የሚጠጣው ምሽት ላይ ወይም በማለዳ ነው። ውሃ ለሚያስቸግርበት ቦታ ያገለገለ የሃይላንድ ፕላስቲክ ታቹን በመርፌ በስቶ ከችግኙ ጎን መቅበር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ያልተቀባ ሸክላ ገንቦ አንገቱ ድረስ ተቀብሮ ሲሞላ ከፕላስቲኩም ይሻላል፤ ሸክላው ውሃውን ቀስ እያለ ያወጣዋልና። የእጅ መታጠቢያና የድስት ማለቅለቂያ ውሃም ሳሙና እስካልበዛበት ድረስ አይናቅም።

ጉዝጓዝ እርጥበት ይይዛል፤ የደረቀ ሣር፣ የባቄላ ገለባ፣ የእንሰት ቅጠል ሁሉ ያገለግላል። ከግንዱ አንድ ጋት አርቆ፣ አራት ጣት ያህል ውፍረት ሰጥቶ መጎዝጎዝ ነው። ነገር ግን በምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ ይህ ምክር እንደወረደ ሊወሰድ አይገባም። የዚያ አካባቢ ምስጥ የታወቀ ነው፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ድግስ ይሆንለታል፤ ገለባውን ጨርሶ ወደ ችግኙ ይሸጋገራል። ውሃ የተጠማ ችግኝ ደግሞ ውሃ ካገኘው ይልቅ ለምስጥ ይጋለጣል። ስለዚህ በዚያ በኩል በገለባ ምትክ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያውን መደርደር ይመረጣል፤ ድንጋይም እርጥበት ይጠብቃል። ኩይሳው ቅርብ ከሆነ ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣት አድካሚ ቢሆንም፣ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን ጎረቤት ለጎረቤት ሲሠራ ውጤት ይሰጣል።

ደጋ ላይ፣ ሻምቡ አካባቢና በአርጆ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለለጋ ችግኝ ከባድ ነው። እዚያ የኒው ዮርኮቹ ልማድ በትንሹ ይሠራል፤ ጆንያ መግዛት ግን አያሻም። ሦስት እንጨት ተክሎ የእንሰት ኮባ ወይም ሣር እንደ ጎጆ ማልበስ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲወጣ በምሥራቅ በኩል መክፈት ነው። ተሸፍኖ የዋለ ችግኝ ይሻግታል። ከነቀምቴ በታች፣ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ለሚኖሩ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም።

የእነርሱ ችግር እሳት ነው። በዴዴሳ ሸለቆ የደረቀው ረጅም ሣር በበጋ ይቃጠላል፤ ለአዲስ ግጦሽ ተብሎ የሚለኮስ አለ፣ ማር ሲቆረጥ ከችቦ የሚያመልጥም አለ። ትንሽ ችግኝ በአንድ ነበልባል ያልቃል። በችግኙ ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል ሣሩን ከሥሩ መንጭቶ አፈሩን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ጉዝጓዝ የለበሰ ችግኝ ከሆነ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው። ትልቁ ዛፍ እሳቱን ይቋቋማል ተብሎ ይታሰባል። ሆኖም ያረጀ ሾላ ሆዱ ክፍት ነው፤ ፍሙ እዚያ ከገባ ዛፉ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ይቆይና ነፋስ ባለበት ቀን ይወድቃል። ማር ቆራጮች የሚሠሩበትን ዛፍ ሥር ቀድመው ቢጠርጉ፣ ሲጨርሱም ችቦውን በአፈር ቢቀብሩ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቀፎ የሚሰቅሉበትን ዛፍ አተረፉ ማለት ነው።

በበጋ አንዳንዱ ሾላ ቅጠሉን ያራግፋል። ይህን አይቶ "ደርቋል" ብሎ የሚነቅል ወይም ለማገዶ የሚቆርጥ ሰው ጥቂት አይደለም። ፍርድ ከመስጠት በፊት የቅርንጫፉን ቅርፊት በጥፍር መፋቅ በቂ ነው። ሥሩ አረንጓዴ ከሆነና ወተት ካወጣ ዛፉ ሕያው ነው፤ ዝናብ እየጠበቀ ነው። ጫፉ ቢደርቅም ከታች ያለው ሊያቆጠቁጥ ይችላልና እስከ ሰኔ መታገሥ ይገባል።

ስለ ትልልቆቹ ዛፎች ደግሞ ለከተማና ለገበያ ቦታ ኃላፊዎች የሚነገር አለ። በገበያ ቀን በዋርካ ግንድ ሥር ምድጃ ይጣዳል፤ ማስታወቂያ በምስማር ይቸነከራል፤ ለገመድና ለመድኃኒት ሲባል ልጥ ይላጣል። ልጡ በአንድ ጎን በጠባቡ ቢነሳ ዛፉ ቁስሉን ይሽራል፤ ዙሪያውን ከተላጠ ግን ምግቡ ወደ ሥሩ መውረድ ያቆማል፣ ዛፉም ቆሞ ይሞታል። መንገድ ሲቀየስና ቦይ ሲቆፈር ሥሩን በአንድ ጎን መቁረጥም ያው ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ማንም አይጠየቅበትም። ዛፉ ላይ ሰሌዳ ከመስቀል አጠገቡ ምሰሶ መትከል ብዙ ወጪ የለውም።

አንድ ብቸኛ ዛፍ ማትረፍ ለምን እንደማይበቃ ሊታወቅ ይገባል። የሾላ አበባ ፍሬው ውስጥ ስለተዘጋበት ነፋስም ንብም አይደርስበትም። የሚደርስበት አንድ በጣም ጥቃቅን ተርብ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የሾላ ዓይነት የራሱ ተርብ አለው። ይህ ተርብ ከፍሬው ከወጣ በኋላ ዕድሜው የቀናት ስለሆነ፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሌላ ያፈራ ዛፍ ማግኘት አለበት። ዛፎቹ እየተራራቁ ከሄዱ ተርቡ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዘር ያለው ፍሬም ይቀራል። ጥንታውያን ግብፃውያን የተከሉት ሾላ ይህ ተርብ ስላልነበረው ፍሬው እንዲበስል በስለት መሰንጠቅ ነበረባቸው፤ ዛፉንም የሚያባዙት በቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ወለጋ ውስጥ ተርቡም ዛፉም አሁንም አሉ። በበጋ፣ ሌላው ፍሬ ባነሰበት ወቅት፣ ወፉም ጉሬዛውም እረኛውም ወደ ሾላ ይሄዳል።

ከቡና ጋር ያለው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዓለም ገበያ ለቀምቴ እየተባለ የሚታወቀው የወለጋ ቡና ጥላ ይወዳል፤ ሆኖም ዋርካና ሾላ ሰፊ፣ ጥላቸውም የከበደ ነው። ለቡና ማሳ መካከል ሰሳ፣ ዋንዛና ግራር ይሻላሉ። ሾላ በማሳው ጠርዝ፣ በምንጭ ዳርና በግጦሽ መሬት ላይ ይተከል፤ ከቤት መሠረትና ከቧንቧ መስመርም ራቅ ይበል። ችብሃ ለአጥርና ለመኖ ይሆናል፤ ለመኖ ሲመለመል ግን በአንድ ጊዜ ከቅርንጫፉ ሲሶ በላይ መውሰድና መሪ ጫፉን መቁረጥ ዛፉን ለቀጣዩ በጋ ያዳክመዋል።

በመጋቢት ቆጠራ ላይ የጠፉት ሲታወቁ ለመተካት ችግኝ ጣቢያን መጠበቅ አያስፈልግም። ሾላም ችብሃም ከቅርንጫፍ ይበቅላሉ። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ከጤነኛ ዛፍ ላይ የክንድ ያህል የወፈረና የሰው ቁመት የሚሆን ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ታችኛው ጫፍ ሰያፍ ይደረጋል። ወተቱ ፈስሶ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጥላ ሥር ይቆማል። ከዚያም ሲሶው አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው በእግር በደንብ ተረግጦ ይተከላል። የቆየው ችግኝ ውሃ የሚቋረጥበት ዝናቡ መደበኛ ሲሆን ነው፤ እሾሁ ግን አይነሳም፤ እስከ ሁለተኛው በጋ ባለበት ይቆያል፣ የበሰበሰውም በመስከረም ይተካል።