ቁጥር ያለ ስሙ አድራሻ አይሆንም፤ ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ አጻጻፍ ለከተማው ሕዝብ የተሰጠ ንግግር



የመሬት ወሰን በሀገሪቱ ሕዝብ ዘንድ ታላቅ ክብር ያለው ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ወሰን ገፊ የተባለ ሰው በጎረቤት ፊት የተናቀ ነበር፤ ሽማግሌዎችም የወሰኑ ድንጋይ የቆመበትን ቦታ ለልጆቻቸው እያሳዩ ሲያወርሱ ኖረዋል። በዛሬው ጊዜ ከድንጋዩ ጋር ሌላ ምስክር ተጨምሯል፤ ይኸውም በፕላንና በይዞታ ካርታ ላይ የሚጻፈው የቦታው ቁጥር ነው። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ይህ ቁጥር የቀያሾች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቤትና ይዞታ ያለው ሰው ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ ጉዳይ ሆኗል።

ኬክሮስ ማለት አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደ ራቀ በዲግሪ የሚናገር ቁጥር ነው። ኬንትሮስ ደግሞ ቦታው ከመነሻው መሥመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት እንዲሁ በዲግሪ ይናገራል። የመነሻው መሥመር በእንግሊዝ ሀገር በግሪንዊች እንዲሆን የተወሰነው በ1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዋሽንግተን በተደረገውና የ25 መንግሥታት መልእክተኞች በተገኙበት ጉባኤ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ አቈጣጠር ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ውስጥ ትገኛለች።

አሁን ሊታሰብበት የሚገባው ዋናው ነገር፥ እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ሲቆሙ ቦታን የማይወስኑ መሆናቸው ነው። በቀላድ ዘመን መሬት የሚለካበት ገመድ ርዝመቱ በክንድ ይቈጠር ስለ ነበር፥ «ይህን ያህል ክንድ» ተብሎ ሲነገር «በማን ክንድ?» ብሎ መጠየቅ የተገባ ነበር፤ የረዥም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ አንድ አይደለምና። የኬክሮስና የኬንትሮስም ነገር እንደዚሁ ነው። ምድር ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች ቀያሾች ቅርጿን በሒሳብ መስለው፥ ያንን ምስል ከአንድ መነሻ ጋር አያይዘው ይሠራሉ። ይህ የመለኪያ መሠረት ዳተም ይባላል። ዳተሙ ሲለወጥ ድንጋዩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ቁጥሩ ይለወጣል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ራሱ ግሪንዊች ነው። የእጅ ስልክ ይዞ በዚያ ባለው በታወቀው መሥመር ላይ የሚቆም ጐብኚ ስልኩ ዜሮ ዲግሪ አያሳየውም። ዛሬ ሳተላይቶች የሚከተሉት የዜሮ መሥመር ከአሮጌው መሥመር 102 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቆ ያልፋልና። መሬቱም ሕንጻውም በቦታቸው ናቸው፤ የተለወጠው የመቍጠሪያው መሠረት ነው።

የኢትዮጵያም ካርታዎች በሁለት መሠረት ይሠራሉ። አንደኛው አዲንዳን የተባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ወሰን አቅራቢያ በዓባይ ሸለቆ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ ሲሆን፥ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በዓባይ ተፋሰስ በተደረገው ታላቅ ቅየሳ በሀገሪቱ ውስጥ ተስፋፋ። ብዙ ካርታዎችና የከተማ ፕላኖች የተመሠረቱት በእርሱ ላይ ነው። ሁለተኛው የ1984ቱ የዓለም መሠረት፥ በአጭሩ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የሚባለው ነው፤ የእጅ ስልክና የጂፒኤስ መሣሪያ በተለመደው አሠራር የሚናገሩት በዚህ ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ ለአንድ ቦታ የተጻፉት የሁለቱ ኬክሮስና ኬንትሮስ ወደ 150 ሜትር ያህል ይለያያል። ቁጥሩ ዩቲኤም በተባለው በሜትር በሚቈጠረው አጻጻፍ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ከ200 ሜትር ያልፋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአዲንዳን የተጻፈውን ቁጥር የዓለሙ መሠረት ነው ብሎ የወሰደ ሰው ቦታውን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያሸሸዋል፤ በከተማ ውስጥ 150 ሜትር ማለት ብዙ ግቢዎችን ተሻግሮ የሌላውን ሰው ቤት ማግኘት ነው። የውሃ ቧንቧው ጕድጓድ ባልታሰበበት ይቈፈራል፤ ለመንገድ ሥራ የሚነሣ ቤት የማን እንደ ሆነ ያከራክራል፤ ካሳውም ለማይገባው ሊጻፍ ይችላል። እንደዚሁም በስልኩ ያየው ቁጥር ከካርታው ጋር ያልተስማማለት ሰው ጎረቤቱን በወሰን ገፊነት ሊከስ ይነሣ ይሆናል፤ በእውነቱ ግን የተለያየው መሬቱ ሳይሆን መሠረቱ ነው።

ዛሬ ፕላን የሚነደፈው በኮምፒዩተር ነው። ከነዚህም የንድፍ ሶፍትዌሮች አንዱ ሲቪል ስሪዲ የሚባለው ሲሆን፥ ነዳፊው ለእያንዳንዱ ነጥብ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን በመለያ ጽሑፍ እንዲያሳይ ሊያዝዘው ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ በንድፉ ማስተካከያ ውስጥ የኮኦርዲኔቱን ሥርዓትና ዞን መርጦ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ ከሜትር ወደ ዲግሪ የሚያሰላበት መሠረት የለውም። የሀገሪቱ ምድር በዩቲኤም ዞን 36፥ 37 እና 38 የተከፈለ ስለ ሆነ የዞኑም ምርጫ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ በመለያ ጽሑፉ አቀራረጽ ውስጥ ኬክሮስና ኬንትሮስ የተባሉትን ክፍሎች ማስገባት ይበቃል። እንዲህ የተጻፈ መለያ ከነጥቡ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ ነጥቡ ሲታረም ቁጥሩም አብሮ ይታረማል፤ በእጅ የተተየበ ቁጥር ግን ነጥቡ ከሄደ በኋላም በሐሰት ምስክርነቱ ጸንቶ ይቀራል።

ሆኖም ሶፍትዌሩ አገልጋይ እንጂ ዳኛ አይደለም። በአዲንዳን ለተለካ ንድፍ ነዳፊው የዓለሙን መሠረት ቢመርጥለት ያለ ተቃውሞ ይቀበላል፤ የተሳሳተውንም ቁጥር በሚያምር ፊደል ይጽፋል። ስለዚህ ቁጥሩ የታወቀ አንድ የቅየሳ ነጥብ በንድፉ ላይ አስቀምጦ፥ መለያው የሚያሳየውን ከተመዘገበው ጋር ማመሳከር ከሁሉ የሚሻል ማረጋገጫ ነው።

በአጻጻፍም በኩል ሦስት ነገሮች መጠበቅ ይገባቸዋል። መጀመሪያ፥ ዲግሪ በደቂቃና በሴኮንድ መከፈሉና በነጥብ መከፈሉ ይለያያል፤ 9.30 ዲግሪ ማለት 9 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ እንጂ 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ አይደለም፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። ሁለተኛ፥ የትኛው ቁጥር ኬክሮስ፥ የትኛው ኬንትሮስ እንደ ሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ የአዲስ አበባ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ ከተማዪቱ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ባለው ባሕር ውስጥ ትገኛለች። ሦስተኛ፥ አንድ ሴኮንድ በምድር ላይ ወደ 30 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለወሰን የሚጻፍ ቁጥር ከሴኮንዱ በኋላ ቢያንስ ሦስት አሐዝ ያስፈልገዋል፤ በነጥብ ለሚጻፍ ዲግሪ ደግሞ ሰባተኛው አሐዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ አሐዝ ማብዛት ልኩን ትክክል አያደርገውም፤ በእጅ ስልክ የተገኘ ቁጥር ብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል በሰባት አሐዝ ቢጻፍም ለወሰን ማስረጃ አይበቃም።

ስለዚህ ፕላን የሚፈርም ሹም ከመፈረሙ በፊት በወረቀቱ ላይ አራት ነገሮች መጻፋቸውን ይመልከት፤ እነርሱም የዳተሙ ስም፥ የዞኑ ቁጥር፥ የቁጥሩ አጻጻፍ ዓይነት፥ ልኩም የተወሰደበት መሣሪያና ቀን ናቸው። እነዚህን ለመጻፍ በወረቀቱ ጥግ አንድ መሥመር ይበቃል። ባለይዞታውም ካርታውን ሲቀበል «ይህ ቁጥር በየትኛው ዳተም ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱን ጠየቀ እንጂ ሹሙን አልደፈረም። ልዩነት ሲያይም ወደ ክስ ከመሄዱ በፊት ወደ ቀያሹ ሄዶ መሠረቱን ያስመርምር።

የወሰን ድንጋይ በሌሊት ሊነቀል ይችላል፤ አይቶ የሚመሰክር ሽማግሌም ያልፋል። ስሙ በትክክል የተጻፈለት ቁጥር ግን ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ ለልጅ ልጅ ያሳያል። ይህን ያህል አደራ የተጣለበት ቁጥር መሠረቱ ሳይጻፍ ከማዘጋጃ ቤት እንዳይወጣ መጠንቀቅ የነዳፊውም፥ የፈራሚውም፥ የባለይዞታውም ግዴታ ነው።