ያገለገለ ብስክሌት ስንገዛ
(በወርሃዊው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ወር ለብድር ኮሚቴው ከቀረቡት ማመልከቻዎች ሁለቱ ያገለገለ ብስክሌት መግዣ ናቸው። ሁለቱም አመልካቾች እንጀራ እየጋገሩ ለደንበኛ ያደርሳሉ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌትም ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ የባጃጁን ሂሳብ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብድሩ ግን የሁላችን ቁጠባ ነውና ዕቃውን አይተን እንስጥ።

የመረጡት ዱሮ ለረጅም መንገድ የተሠራውን፣ ቱሪንግ የሚባለውን ነው። ምርጫቸውን ወድጄዋለሁ። ከእሽቅድድም ብስክሌት ረዘም ስለሚል ከኋላ ሲጫን አይንገዳገድም፤ መጫኛና የጭቃ መከላከያ የሚታሰርበት ቀዳዳም አለው።

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ዋጋ ይሰቅላል። ኦሪጅናልነት ለዕቃ ሰብሳቢ ነው፤ እንጀራ ለምታደርስ ሴት ምኗም አይደለም። በእርጅና ቅናሽ መዝገብ ላይ ዜሮ የገባ ዕቃ ደህና ሲሠራ እኛ የሂሳብ ሰዎች በየቀኑ እናያለን (የቢሯችንን የብረት ሣጥን ተመልከቱ)። ስለዚህ ከዕድሜው ይልቅ አካሉን መርምሩ።

መጀመሪያ ከመሪው ዝቅ ብሎ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱ። ብረቱ ካበጠ ወይም ቀለሙ ከተሸበሸበ ፊት ለፊት ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ትታችሁት ሂዱ። ቀጥሎ የመቀመጫውን ዘንግ ሻጩ ራሱ ከፍና ዝቅ አድርጎ ያሳያችሁ። ለዓመታት ያልተነካ የአልሙኒየም ዘንግ ብረቱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ለቁመታችሁ የሚሆን ነገር የለም። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ፤ ከአንዱ ፒን ተነስታችሁ 24 ስትቆጥሩ 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። 30.8 ከደረሰ ሰንሰለቱ አልቋል፣ ጥርሶቹም ሳይበሉ አልቀሩም።

የጎማው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በአሮጌዎቹ ላይ የሚገኘው 27 ኢንች ቸርኬ ጎማው የሚያርፍበት ስፋት 630 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛሬው 700ሲ ግን 622 ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር ገልብጣችሁ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ጎሚስታ ዘንድ መገኘቱን አረጋግጡ።

ልክነቱስ? መሬት ላይ በሁለት እግር ቆማችሁ የላይኛው ብረት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ሊርቃችሁ ይገባል። ቀሚስ ለምንለብሰው ደግሞ ያ ብረት ራሱ ፈተና ነው፤ ዝቅ ያለ ብረት ያለው የሴት ብስክሌት ከተገኘ እኔ ያንን እመርጣለሁ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ ይበል። መሪውን ለመያዝ ወገባችሁ ከተለጠጠ ግን፣ መቀመጫ በማንሳትና በማውረድ አይስተካከልም፤ ብስክሌቱ ለእናንተ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ለምሳሌ ሻጩ 12,000 ብር ቢጠይቅና ጎማ፣ ሰንሰለትና ፍሬን ለመቀየር 5,000 ቢያስፈልግ፣ የብስክሌቱ ዋጋ 17,000 ነው። የምታወዳድሩትም በ17,000 ከሚሸጥ ደህና ብስክሌት ጋር ነው። አመልካቿ 12,000 ብቻ ተበድራ ከገዛች ብስክሌቱ ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ የወር ክፍያው ግን አይቆምም፤ እንጀራውም በባጃጅ መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ኮሚቴው ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር የብስክሌት ጠጋኝ የጻፈው የጥገና ግምት እንዲያያዝ፣ ብድሩም ጥገናውን ጨምሮ እንዲታይ ሐሳብ አቀርባለሁ።