የደጋ የዱር ፍሬና የስኳር በሽታ በደብረ ታቦር አካባቢ



ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች፣ በእርሻ ድንበር፣ በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚበቅለውን እሾኻም ቁጥቋጦ የማያውቅ የአገር ልጅ አይገኝም። ቀጋው ሲበስል ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል፤ አጋሙ ከቀይነት ወደ ጥቁርነት ይለወጣል፤ ኮሽሙ ቢጫ ሆኖ ሲያጎመራ እንኳ በኮምጣጣነቱ ፊትን ያጨማድዳል፤ እንጆሪውም ከእሾኹ መካከል ጣትን እያስወጋ ይለቀማል። ከብት ሲጠብቅ ለሚውል ልጅ ከቋጠራት ቆሎ ቀጥሎ ምሳው ይኸው ነው። ያው ልጅ አድጎ ጎጆ ከወጣ በኋላ ግን በዚያው ቁጥቋጦ አጠገብ ሲያልፍ እጁን አይዘረጋም። ፍሬው የእረኛ ምግብ፣ ከዚያም አልፎ የክፉ ቀን ምግብ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ለአዋቂ ሰው አይመጥንም ይባላል።

ይህ በአገሩ የተናቀ ፍሬ ዛሬ በሌላ ስም ተመልሶ በመምጣት ላይ ነው። የእንጆሪ ዓይነት ጥቃቅን ፍሬዎች በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ለመቈጣጠር ይረዳሉ የሚል ምርምር በውጭው ዓለም በብዛት ታትሟል። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ደግሞ «ይረዳል» የተባለው ብዙ ሳይቆይ «ያድናል» ወደሚል ይለወጣል። የዚህ ንግግር ዓላማ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ማሳየት ነው፤ ርቀቱን የሳተ ሕመምተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመጀመር፣ ሰው የበላው እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ድንች በሆድ ዕቃው ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ይህ ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። ኢንሱሊኑ ሲያንስ፣ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭንና የደም ሥርን ይጎዳል። ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባው ምን ያህል ስኳር ተበላ ብቻ ሳይሆን፣ በምን ፍጥነት ወደ ደም ገባ የሚለውም ጭምር ነው።

የእንጆሪ ዓይነት ፍሬ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ100 ግራም ቀይ እንጆሪ ውስጥ የሚገኘው ስኳር 5 ግራም አይሞላም፤ ቃጫው ግን ከ6 ግራም ይበልጣል። በአንጻሩ 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ የኮላ መጠጥ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሲኖር፣ ቃጫ ፈጽሞ የለበትም። ቃጫው ስኳሩን እንደ ልጓም ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ለጥቋቁርና ለቀያይ ፍሬዎች መልካቸውን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው እንደማይቀር ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ማስረጃዎቹም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኢንሱሊን በሚገባ የማይሠራላቸውን 32 ወፍራም ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ብሉቤሪ የተባለውን ሰማያዊ ፍሬ በዱቄት መልክ ለስድስት ሳምንት ሰጠ፤ የእነዚህ ሰዎች ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ከሌሎቹ ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 በፊንላንድ የታተመ ሙከራ ደግሞ ጤናማ ሴቶች የስንዴ ዳቦን ከእንደዚህ ያሉ ፍሬዎች ጋር ሲበሉ፣ ዳቦውን ብቻ ከበሉበት ጊዜ ይልቅ ባነሰ ኢንሱሊን መወጣታቸውን አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣና ከ187,000 በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ሙሉ ፍሬ፣ በተለይም ብሉቤሪ፣ ወይንና ፖም አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። የፍሬ ጭማቂ አዘውትረው የሚጠጡት ግን በተቃራኒው ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ፍሬው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሙሉ መብላትና ጨምቆ መጠጣት ይህን ያህል መለያየታቸው ትልቅ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ጥናቶች የተካሄዱት በሌላ አገር ፍሬና በሌላ አገር ገበታ ላይ ነው። ውጤታቸውን እንዳለ ወስዶ በቀጋና በአጋም ላይ መለጠፍ አይገባም። የሚወሰደው መርሑ ነው፤ ይኸውም ፍሬ የሚጠቅመው በሌላው ላይ ሲጨመር ሳይሆን ሌላውን ሲተካ ነው። በደቡብ ጎንደር ገበታም እየተለወጠ ነው። በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ነጭ ዳቦ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻይና ለስላሳ መጠጥ የከተሜው የዕለት ምግብ ሆነዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው በለስላሳው ፈንታ አንድ እፍኝ የበሰለ አጋም ወይም እንጆሪ መብላት፣ ከነጭ ዱቄትም ይልቅ ወደ ገብሱ፣ ወደ ባቄላውና ወደ ሽምብራው መመለስ ትክክለኛ ምክር ነው። ያው ፍሬ በስኳር ተቀቅሎ ማርማላታ ከሆነ ግን ምክሩ ፈረሰ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአበው አባባል ይዞ ቅጠልና ሥር የሚቀቅለውም ወገን ሊዘነጋ አይገባም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የልዩ ልዩ ዱር በቀል ዕፅዋት ቅጠልና ሥር እየተጨመቀ የደም ስኳር ከፍ ባለባቸው አይጦች ላይ ተሞክሯል፤ የሚያበረታታ ውጤትም ተገኝቷል። ዕፅ መድኃኒት ሊሆን አይችልም የሚል ባለሙያም የለም። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ በብዛት ከሚታዘዙት የስኳር መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሜትፎርሚን መነሻው ጋሌጋ የተባለ የአውሮፓ ዕፅ ነው። ነገር ግን ዕፁ ራሱ መርዝነት ስለነበረው፣ ባሕርይው ተመርምሮ፣ ከዚያም የተገኘው መድኃኒት መጠኑ ተለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በፈረንሳይ ለሕሙማን አገልግሎት እስኪበቃ ድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። አይጥ ላይ የተሞከረ ጭማቂ በጓዳ ተቀቅሎ በስኒ ሲጠጣ፣ ያ ሁሉ መንገድ በአንድ እርምጃ ተዘለለ ማለት ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ በሥራችን ላይ ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በጎንደር ከተማና በአካባቢው ገጠር ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሽታው በከተማ በ5.1 በመቶ፣ በገጠር በ2.1 በመቶ እንደሚገኝ አመልክቷል። ብዙዎቹም እስከዚያ ቀን ድረስ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሐኪሞችን ሲያስጨንቅ የኖረው ግን ሌላኛው ሕመምተኛ ነው። እርሱ ወጣት፣ ቀጭን፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ገበሬ ነው። ጮማም ለስላሳም አላበዛም፤ በልጅነቱ ግን ረኀብ ያውቀዋል፤ በሽታው ከያዘውም በኋላ ያለ ኢንሱሊን ጤና አያገኝም።

የዚህ ሰው በሽታ ስም ታሪክ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ብሎ ለብቻው መደበው፤ በ1999 ግን ከዝርዝሩ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን የኢትዮጵያ ገጠር ሕሙማን አጥንተው፣ በሽታው ከድህነት ኑሮ ጋር መያያዙን በማሳየት ጉዳዩ እንደገና ይታይ ሲሉ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በባንኮክ ጉባኤው «አምስተኛው ዓይነት» በሚል ስም ተቀበለው።

እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ የጤና ጣቢያ በር ላይ ቢገናኙና አንድ ዓይነት ምክር ቢሰጣቸው፣ አንዱ ይጠቀማል፤ ሌላው ይሞታል። ለከተሜው «ቀንስና ፍሬ ብላ» ማለት ሕክምና ነው። ቀጭኑን ገበሬ «ቀንስ» ማለት ግን ቀድሞም የጎደለበትን ምግብ መንሣት ይሆናል። የእርሱ ፍላጎት ያልተቋረጠ ኢንሱሊንና የሚበቃ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኢንሱሊን ለሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆሽቱ የደከመበት ሰው ምንም ዓይነት ፍሬ ቢበላ ከሞት አያመልጥም ነበር። ዛሬም ፍሬውን አምኖ መርፌውን የሚተው ሰው ወደዚያ ዘመን መመለሱ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ የዘገየበት፣ ወይም ጾም ይዞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሕመምተኛ ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ፣ አጋምና እንጆሪ አይደርሱለትም። ቀስ ማለታቸው፣ በሌላ ጊዜ ጥቅም የነበረው፣ በዚያች ሰዓት ጉዳት ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ማር ነው። ለመጾም የሚሻም ሕመምተኛ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር ዘንድ ማሳሰብ የባለሙያው ግዴታ ነው።

በመጨረሻም፣ ፍሬውን ብሉ ለማለት ፍሬው መኖር አለበት። ድንበሩ ለባሕር ዛፍ ሲለቀቅ፣ አጥሩም በሽቦ ሲተካ፣ ቁጥቋጦው ይመነጠራል። ለብዙዎቹ አገር በቀል ዕፅዋት የቀረው መጠጊያ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው የዕፅዋቱን ብዛትና የተጋረጠባቸውን አደጋ አሳይተዋል፤ ከዚያም ወዲህ በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ካቡ ለደኑ የሠራውን፣ የእሾህ አጥር ለእርሻው ሊሠራ ይችላል፤ የቀጋና የአጋም አጥር ከብትን ይመልሳል፤ ፍሬም ይሰጣል።

ስለሆነም ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ቀላል ነገር ነው። የጤና ጣቢያ ባልደረባ ምክር ከመስጠቱ በፊት ሕመምተኛውን ይመዝን፤ ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ይበላው ዘንድ ምን እንዳለውም ይጠይቅ። ስለ ፍሬ ሲጠየቅ አያጣጥል፤ አያጋንንም። በገበታ ላይ እንዲቀመጥ ይምከር፤ በመድኃኒት ቦታ እንዳይቀመጥ ይከላከል። መምህሩና የግብርና ባለሙያው ደግሞ አዋቂው ሰው በልጅነቱ የለቀመውን ፍሬ ሳያፍር እንዲበላ፣ ቁጥቋጦውንም እንዳይመነጥር ያስተምሩ። እረኛው ልጅ የሚያውቀውን ጣዕም አባቱ ቢያስታውስ፣ አባትየውም መርፌውን ባይዘነጋ፣ ለሁለቱም የሚበጅ ይሆናል።