ጎርፍ የወሰደውን የወሰን ድንጋይ በቁጥር ስለ መፈለግ



ፊደል ለይታችኋል። ቁጥር መጻፍ፣ መደመርና መቀነስም አውቃችኋል። ታዲያ አንዳንድ ሰው «ሒሳብ ከገበያ ሌላ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» ይላል። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ በምሳሌ እጀምራለሁ።

የሁለት ጎረቤታሞች ማሳ ይዋሰናል እንበል። ሽማግሌዎች በወሰኑ ላይ ሦስት ድንጋይ ተክለዋል። አንዱ በላይኛው ጫፍ፣ አንዱ በታችኛው ጫፍ፣ ሦስተኛው በሁለቱ ልክ መካከል ነው። ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ ጎርፉም የታችኛውን ድንጋይ ጠርጎ ወሰደው። መስከረም ሲጠባ አንዱ «ድንጋዩ እዚህ ነበር» ይላል። ሌላው «የለም፣ እዚያ ነበር» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ክርክር ነው፤ ክስ ነው፤ የሥራ ቀን መባከን ነው፤ አንዳንዴም ደም መፋሰስ ነው።

ነገር ግን ሁለቱ ድንጋዮች በቦታቸው ካሉ የሦስተኛው ቦታ አልጠፋም። እንዴት ቢሉ፣ ከላይኛው ድንጋይ እስከ መካከለኛው በገመድ ለኩ። 40 ክንድ ሆነ እንበል። መካከለኛው ልክ እኩሌታው ላይ ከነበረ፣ ከእሱ እስከ ጠፋው ድንጋይም 40 ክንድ ነው። በዚያው አቅጣጫ ሳታጣምሙ 40 ክንድ ትቀጥላላችሁ።

በመካከሉ ቁጥቋጦ ወይም ገደል ቢኖርስ? ገመዱን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ባይቻልስ? ቁጥር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ የማይነቃነቅ ምልክት ምረጡ፤ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ዋርካ። ከዋርካው ተነሥታችሁ ወደ ምሥራቅ ለኩ፤ ከዚያ ልክ እንደ ቤት ማዕዘን ታጥፋችሁ ወደ ሰሜን ለኩ። እያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ሁለት ቁጥር ይኖረዋል ማለት ነው።

ላይኛው ድንጋይ፦ ወደ ምሥራቅ 10፣ ወደ ሰሜን 20 ክንድ።
መካከለኛው ድንጋይ፦ ወደ ምሥራቅ 40፣ ወደ ሰሜን 35 ክንድ።
የጠፋው ድንጋይ፦ ?

እስቲ የምሥራቁን ብቻ እንይ። ከ10 ተነሥተን 40 ለመድረስ 30 ጨመርን። ስለዚህ ሌላ 30 እንጨምራለን፤ 70 ይሆናል። አሁን ደግሞ የሰሜኑን እንይ። ከ20 እስከ 35 የጨመርነው 15 ነው። ሌላ 15 ስንጨምር 50 ይሆናል። እንግዲህ የጠፋው ድንጋይ ቦታ ከዋርካው ወደ ምሥራቅ 70፣ ወደ ሰሜን 50 ክንድ ነው።

አጭሩ መንገድ ይህ ነው፦ የመካከለኛውን ቁጥር እጥፍ አድርጉ፤ ከዚያ ላይ የታወቀውን ጫፍ ቀንሱ። የ40 እጥፍ 80 ነው፤ 10 ሲቀነስ 70። የ35 እጥፍ 70 ነው፤ 20 ሲቀነስ 50። ትክክል መሆኑንም መርምሩ። 10 እና 70 ሲደመሩ 80፣ እኩሌታው 40። 20 እና 50 ሲደመሩ 70፣ እኩሌታው 35። መካከለኛው ድንጋይ ያለው እዚያው ነው።

አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ላይኛው ድንጋይ 45፣ መካከለኛው 30 ከሆነ 15 ቀንሷል። ስለዚህ ሌላ 15 ቀንሱና 15 ይሆናል።

ይህ ጥበብ ከእርሻ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከአገራችን ደጋ በዓባይ የሚወርደው የክረምት ውሃ በጥንት ዘመን የግብፅን ማሳ በየዓመቱ ያጥለቀልቅ ነበር። ወንዙ ከመሬቱ የወሰደበት ገበሬ ሲያመለክት ንጉሡ ለኪዎችን ይልክ እንደ ነበር ሄሮዶተስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ጽፏል። ጂኦሜትሪ የሚለው የግሪክ ቃልም ትርጉሙ መሬት መለካት ነው። ቦታን በቁጥር የማመልከቱን ዘዴ ደግሞ ዴካርት የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋው።

አሁን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሒሳቡ እውነት የሚሆነው መካከለኛው ድንጋይ በእርግጥ በመካከል የተተከለ እንደ ሆነ ነው። እንዲያው በግምት የተተከለ ከሆነ ቁጥሩ ያሳስታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የተከሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው ይለያልና በአንድ ገመድ ብቻ ለኩ። ቁልቁለት ላይ ገመዱን በአየር ላይ አግድም ወጥሩት እንጂ በመሬት ላይ አታስተኙት። ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትለኩ፤ ሁለቱም ጎረቤታሞች ገመዱን ይያዙ። ድንጋዩን ከመትከላችሁ በፊትም ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር አሳውቁ።

በስምምነት ዘመን የሚለካ ወሰን ደግሞ በጠብ ዘመን ምስክር ነው። ዛሬ ድንጋዮቹ ሁሉ በቦታቸው እያሉ ቁጥራቸውን ለክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ጎረቤታችሁም ይፈርምበት። ጎርፍ ድንጋይ ይወስዳል፤ የተጻፈውን ቁጥር ግን ከቤታችሁ አይወስድም።

ለመለማመጃ ይህን ሥሩ፦ ላይኛው ድንጋይ ወደ ምሥራቅ 25፣ ወደ ሰሜን 60 ነው። መካከለኛው ወደ ምሥራቅ 50፣ ወደ ሰሜን 40 ነው። የጠፋው የት ነው? መልሳችሁ ምሥራቅ 75፣ ሰሜን 20 ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል። ለጎረቤታችሁም አስረዱ።